የክት ጎማ

በእነ ኤፍራታ ቤት ፍሪጅ የሚከፈተው በቀን አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሁሉም በሩ ፊት ይሰለፋል። ማን ምን እንደሚያወጣ አስቀድሞ ተነጋግሮ፣ እጁን አዘጋጅቶ ነው የሚቆመው። ያብስራ «ዝግጁ!» ብሎ ይከፍታል፤ ሚስቱ ኤፍራታ ወተቱንና ቲማቲሙን፣ ልጃቸው ሶልያና የትናንቱን ሽሮ ይመነትፋሉ፤ በሩ ተመልሶ ይዘጋል። የረሳ እስከ ነገ ይታገሣል። ዛሬ ኤፍራታ ቅቤውን ረሳች። ይህን ያህል ዘመን እዚህ ቤት ኖራ ዛሬም ቅቤ የሚረሳው ጭንቅላቷ ያናድዳታል፤ ከእሱ በላይ የሚያናድዳት ግን «ነግሬሽ ነበር» የሚለው የባሏ አስተያየት ነው። ደግሞ ከቀን ሁሉ ዛሬ። ሶልያና ለመኪና ውድድሩ ፍጻሜ የምትቀርብበት ቀን ነው።

ዕቃ ሁሉ ቆጣሪ ካበጀ ቆይቷል። ድሮ ቆጣሪ የሚባለው የመብራትና የውኃ ብቻ ነበር። አሁን ወንበሩም፣ በሩም፣ ማንኪያውም፣ ጫማውም አለው። ወንበር የተመደበለት ልክ ሲያልቅ እግሩን አጥፎ ይተኛል፤ ከዚያ በኋላ ቢለምኑትም አይነሣም። ምትክ ለማግኘት ወረፋ አለ፤ ወረፋውን የቆመበት ያውቀዋል። ስለዚህ ሰው ዕቃው እንዲበረክትለት የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ አይነካውም። ቆጣሪው የሚቆጥረው መነካቱን እንጂ መሰንበቱን አይደለም። ብል የበላው ብርድ ልብስ ካልተለበሰ አዲስ ነው። ባለፈው ወር ወጥቶ ደጋግመው የለበሱት ግን አሮጌ ነው፤ ይመለሳል።

የቆጣሪው ሕግ ሲወጣ ሌላው ዓለም ተንጫጭቶ ነበር ይባላል። እዚህ አገር ግን ማንም እምብዛም አልተቸገረም። ድሮም ቢሆን ደህና ደህናው ሰሃን ቡፌ ውስጥ ተቆልፎበት ሰው በተሸረፈው ሲበላ ነው የኖረው። ሶፋ ከነላስቲኩ፣ ሪሞት ከነፌስታሉ፣ ጫማ ከነካርቶኑ ሲቀመጥ ነው የኖረው። ሕጉ ያደረገው ነገር ቢኖር ይህንኑ በቁጥር ማስያዝ ብቻ ነው። ያልተነካ ዕቃ በመዝገቡ ላይ «ክት» ተብሎ ይጠራል፣ ክብርም ይሰጠዋል። ያብስራ ይህን የሰማ ዕለት፣ በስተርጅና የሚረዳው መንግሥት እንዳገኘ ሰው ሆኖ ነበር የዋለው።

የያብስራ ክት ታዲያ ሰሃን ወይም ጫማ አይደለም፤ ሁለት ጎማ ነው። የውድድር መኪና የኋላ ጎማዎች ናቸው፤ ሰፋፊ፣ ምንም ቅርጽ ያልተፈለፈለባቸው፣ ልሙጥ። የሚተኙት እንግዳ ክፍል ውስጥ፣ አልጋ ላይ ነው። በጥቁር ላስቲክ ተጠቅልለው፣ ብርድ ልብስ ደርበው። እንግዳ ሲመጣ ኮሪደር ላይ ፍራሽ ይነጠፍለታል። የኤፍራታ እናት እንኳ ሊሞቱ ሰሞን ሊጠይቋቸው መጥተው ያደሩት ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ኤፍራታ ይህን ለማንም አታወራም፣ ግን አልረሳችውም። በየበዓሉ ዋዜማ ያብስራ ጎማዎቹን ይገልጥና እንደ ሕፃን እግር ቫዝሊን ይቀባቸዋል፤ የጎማ ቆጣሪ የሚቆጥረው መዞሩን እንጂ በእጅ መነካቱን አይደለም። ከዚያ አገላብጦ፣ መልሶ ጠቅልሎ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ይወጣል።

ሰው በገዛ እጁ መኪና መንዳት ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። መኪኖቹ ራሳቸው ይሄዳሉ፤ ተሳፋሪው ውስጡ ይተኛል፣ ጢሙን ይላጫል፣ ከሚስቱ ጋር ይጣላል። በእጅ መንዳት የተፈቀደው ከአዳማ ወጣ ብሎ ባለ አሮጌ የፍጥነት መንገድ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ለድራግ። ድራግ ማለት ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው፣ መብራት ሲበራ ቀጥ ባለው መንገድ ተወንጭፈው፣ ተመልካች በቅጡ ሳይተነፍስ የሚያልቅ ውድድር ነው። ለዚህም ቢሆን ልክ ተመድቧል። የእያንዳንዱ ሰው መዳፍ ዕድሜውን ሙሉ የሚነዳበትን ልክ ይዟል፤ መሪውን ሲጨብጥ ይነበባል፣ ሲነዳ ይቀነሳል። ሶልያና የቀራት አንድ ብቻ ነው።

ጎማዎቹ የመጡ ጊዜ ሶልያና ገና ወጣት ነበረች። አባቷ «ለትልቁ ቀን» እያለ ጎማውንም እሷንም ሲቆጥብ ኖረ፤ ማጣሪያ እንኳ እየመረጠ ነው ያስገባት። አሁን ጆሮ ግንዷ ላይ ሽበት አለ። ማጣሪያ ደግሞ የሚነዳው እስከ መንገዱ ግማሽ ነው፤ እዚያ ላይ ነጭ መስመር ተሰምሯል፣ መኪናው ሲደርስ ኃይሉ ራሱ ይቋረጣል። ሙሉው መንገድ የሚከፈተው ለፍጻሜ ነው። ሶልያና ይህን ሁሉ ዓመት ስትነዳ ከነጩ መስመር ወዲያ ያለውን መንገድ አንድም ቀን ረግጣው አታውቅም። ዛሬ ካልረገጠችው መቼም አትረግጠውም።

ከቁርስ በኋላ ያብስራ ፊቱን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወደ እንግዳው ክፍል ገባ። ብርድ ልብሱን አነሣ። ላስቲኩን ቀስ ብሎ፣ ጠርዝ በጠርዝ፣ እንዳይቀደድ አድርጎ ገለጠው፤ ላስቲኩም ለሌላ ጊዜ ይፈለጋል። ጎማዎቹ ጥቁር፣ አብረቅራቂ ሆነው ወጡ። «ተመልከቺ እስቲ!» አለ ለሚስቱ። «ዛሬ ከፋብሪካ የወጡ አይመስሉም?»

ኤፍራታ ቀረብ ብላ አየቻቸው። ከቫዝሊኑ ሥር ቀለሙ ወደ ቡናማ ያደላ መሰላት። አውራ ጣቷን ሰደደችና በጥፍሯ ጫን አለች። ጥፍሯ ተቀጠፈ እንጂ ጎማው ንቅንቅ አላለም።

«ያብስራ፣ ና እስቲ ይህን ንካው።»

«አትንኪው እንጂ! ጭራሽ በጥፍርሽ?»

«ድንጋይ ሆኗል እኮ።»

«አዲስ ስለሆነ ነው። አዲስ ዕቃ ጠንካራ ነው።»

«ጎማ ነው አንተ! ጎማ ጠንክሮ ምን ሊረባ? መንገዱን ሊይዝ አይደል እንዴ የሚፈለገው?»

ያብስራ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መጥረጉን ቀጠለ። ኤፍራታ ደሟ ፈላ። ይህንን ነገር ከዚህ በፊት አይታዋለች፤ በገዛ እግሯ። ለታናሽ ወንድሟ ሠርግ ብላ፣ ዓመታት ከካርቶኑ ያላወጣችውን ጫማ አድርጋ ሄደች። ከአዳራሹ በር ተነሥታ ሙሽሮቹ ጋ ሳትደርስ ሶሉ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ፍርፋሪው ከኋላዋ ወለሉ ላይ እንደ ተዘራ ቀረ፤ ዘመድ አዝማድ ጉዱን አየ። በማግሥቱ ምትክ ልትጠይቅ ስትሄድ ቆጣሪው «አዲስ» ብሎ መለሳት። ሶል የሌለው አዲስ ጫማ ይዛ ተመለሰች። አሁንም መደርደሪያ ላይ አለ፤ ክት ነው፣ አይጣልም።

ጭቅጭቁን ሰምታ ሶልያና መጣች። ረጅም፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ጎንበስ ብላ መዳፏን በጎማው ላይ ዘረጋች፤ ትንሽ ቆየችና አነሣችው።

«አባዬ፣ የዘወትሮቹን ስነካቸው እጄ ላይ ይለጠፋሉ» አለች በቀስታ። «እነዚህ አይለጠፉም። የጎማ ላስቲክ ውስጡ ዘይት አለው። ሲቀመጥ ይተናል፣ አየሩም ይበላዋል። እዚህ ቤት ደግሞ የቆርቆሮው ሙቀት አለ። በዚያ ላይ ቫዝሊኑ።»

«ቫዝሊን ምን አደረገ?»

«ለእግር ነው እንጂ ለጎማ አይሆንም።»

ያብስራ ፊቱ ልውጥ አለ። ጨርቁን እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ሊቀመጥ ቃጣውና፣ አልጋው እንዳይቆጥርበት መለስ ብሎ ቆመ። «ያን ሁሉ ዓመት ለማን ብዬ ነው?» አለ። ኤፍራታ ልታዝንለት ፈልጋ ነበር፤ ንዴቷ ግን ከለከላት።

ጉዱ ደግሞ የዘወትር ጎማዎቹ ደህና መሆናቸው ነው። ለማጣሪያ የሚገጠመው ጎማ ቶሎ ስለሚያልቅ የድራግ ማኅበሩ ያለ ወረፋ ይተካዋል፤ አሁን ግቢ ውስጥ ያሉት ገና ትኩስ ናቸው፣ አሸዋ ሳይቀር ይዘው ይነሣሉ። ነገር ግን ተነክተዋል። ለፍጻሜ የሚቀርብ መኪና ጎማው ክት መሆን አለበት፤ ለዕለቱ ክብር ሲባል ነው ይላል ደንቡ። ኤፍራታ ግን ደንብን የሚያስፈጽመው ሰው ነው፣ ሰው ደግሞ ይለመናል ብላ አሰበች። የዘወትሮቹንም በጓሮ በር አስወጥታ የጭነት መኪናው ላይ አስጫነች። ያብስራ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

መንገዱ ላይ እንደ ወትሮው ነፋስና አቧራ ነበር። ተመልካቹ ቆሟል፤ ወንበር ተደርድሯል፣ ማንም አልተቀመጠበትም። ሁሉም አንገቱን አቅንቶ ከመነሻው በላይ የተሰቀለውን ትልቅ ስክሪን ያያል። መንገዱን የሚያይ የለም፤ መንገድ ምን ይታይበታል። የሶልያና ተጋጣሚ የድሬዳዋ ሰው ነው፤ ወረፋው በቅርብ ደርሶት አዲስ ጎማ ገጥሞ መጥቷል። በጨዋ ደንብ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣቸው።

ተቆጣጣሪው ኢዮስያስ ይባላል፤ ትሑት፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ የቆጣሪ ማንበቢያውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ነው። ኤፍራታ ቀድማ ደረሰችበት።

«ልጄ፣ እባክህ ይህን ጎማ አንዴ በጣትህ ንካልኝ።»

«መንካት አይፈቀድልኝም እናቴ፤ የሚናገረው ማንበቢያው ነው።» ማንበቢያውን ከሩቅ አስጠጋ። መሣሪያው ደስ የሚል ድምፅ አሰማ። «ክት ነው። እንኳን ደስ አላችሁ።»

«ስማኝ፣ ይህ ጎማ ከአሥር ዓመት በላይ አልጋ ላይ የተኛ ነው።»

«ተኝቶ ከሆነማ ጥሩ ነው። አልደከመም ማለት ነው።»

«ደርቋል እኮ ነው የምልህ!»

«መድረቅ እዚህ ላይ አይታየኝም» አለ ማንበቢያውን ከልቡ እየመረመረ። የሚያሾፍ አልነበረም፤ ኤፍራታን ይበልጥ ያበሸቃትም ይኸው ነው። ቢያሾፍባት ትሰድበው ነበር።

ሶልያና ጣልቃ ገባች። «ድሮ መርፌ ያለው መለኪያ ነበራችሁ፤ ላስቲኩ ላይ ጫን ሲያደርጉት ጥንካሬውን የሚናገር።»

«ነበረን። ከቆጣሪው ጋር አልስማማ ሲል ተሰበሰበ። አንዱ ትክክል ከሆነ ሌላው ምን ያደርጋል ተባለ።»

«እሺ የዘወትሮቹን እንግጠም» አለች ኤፍራታ። «ይኸው ይዘናቸው መጥተናል። ብትሸነፍም ትሸነፍ። በሕግ አምላክ፣ ዓይንህን ጨፈን ብታደርግስ?»

«የእኔ ዓይን ቢጨፈንም መብራቱ አይበራላችሁም። ለተነካ ጎማ ፍጻሜ አይከፈትም።»

«ብቀርስ?» አለች ሶልያና።

«ለፍጻሜ የተያዘ ልክ ለሌላ አይውልም። ቢቀሩም እንደነዱ ይቆጠራል።»

«ጎማውን ቀድሜ ባሞቀውስ? መስመሩ ላይ ትንሽ ባሽከረክረው ላዩ ይላጥ ነበር።»

«እሱም ይቆጠራል።»

ሶልያና ሩቅ፣ መንገዱ በሙቀቱ የሚንቀጠቀጥበትን ጫፍ አየች። «መጨረሻው ላይ ማን አለ?»

ኢዮስያስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ በራ። «ማንም የለም። ሰውም፣ ካሜራም የለ። ድሮ እዚያ ቆሞ ማን ቀደመ እያለ የሚጨቃጨቅ ዳኛ ነበር። አሁን የሚናገረው ጎማው ራሱ ነው። ስንት ጊዜ ሲዞር መንገዱ እንደሚያልቅ ይታወቃል፤ ቀድሞ የሞላለት አሸነፈ። ስሕተት የሚባል ነገር የለበትም።»

ሌላ የሚባል ነገር አልነበረም። ያብስራና ሶልያና የክት ጎማዎቹን ገጠሙ። ያብስራ እያንዳንዱን ብሎን ካጠበቀ በኋላ በሸሚዙ እጅጌ ይጠርግ ነበር።

ሶልያና ሄልሜቷን ከማጥለቋ በፊት ኤፍራታ ወደ ጎን ሳበቻት። «ተይው ልጄ። ቤታችን እንሂድ። ይህ የድንጋይ ጎማ ወስዶ ግድግዳ ላይ ቢለጥፍሽስ?»

«እማ።»

«እሺ ቀስ ብለሽ እርገጪው።»

«ለፍጻሜ ኃይሉን የሚለቀው መብራቱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ሙሉውን ነው የሚለቀው። የእኔ መሪው ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀሽ? አንድ ሩጫ ቀረ አልቀረ ምን ሊሆን ነው?»

ሶልያና ሄልሜቷን በእጇ አዟዟረችው። «ሁልጊዜ ነጩ መስመር ላይ ነው የሚያስቆሙኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማታ ማታ ስተኛ ነው የምነዳው። አንድ ጊዜ እስከ ጫፍ ልሂድ፤ ብሸነፍም ልሂድ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።»

ኤፍራታ የልጇን ኮሌታ አስተካከለች፤ የተጣመመ ነገር አልነበረበትም።

መኪኖቹ መስመሩ ላይ ቆሙ። እነዚህ መኪኖች በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ስለሆኑ ድምፅ የላቸውም፤ ሁለቱም ዝም ብለው ነው የሚጠብቁት። የተመልካቹ ሳል ይሰማ ነበር። ኤፍራታ ከመከለያው ጋር ተጠግታ ቆመች። ያብስራ አጠገቧ ሆኖ እንደ ሰው ሁሉ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል። መብራቱ በራ።

የድሬው መኪና ተወረወረ፤ አንዴ ዓይን ቢጨፍኑ ወዲያ ሆነ። የሶልያና መኪና ጮኸ። የጮኸው ጎማው ነው። ሁለቱ የክት ጎማዎች ቆመው ተሽከረከሩ። ጭሱ ከኋላ ተነሥቶ መኪናውን ሸፈነው፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ተመልካቹ ጋ ደረሰ። ኤፍራታ በጭሱ መሐል የመኪናውን አፍንጫ ፈለገችው። እዚያው ነው። ጅራቱ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ሶልያና መሪውን ስትታገል ክርኗ ብቅ ጥልቅ ይላል፣ መኪናው ግን እዚያው መስመሩ አጠገብ እየተንፏቀቀ ነው። «ያዝ!» አለች ኤፍራታ ጎማውን፤ ጎማ እንደሚሰማ ሁሉ። «ያዝ እንጂ የት አባክ!»

ከጀርባዋ ጩኸት ፈነዳ። የደነገጡ መስሏት ዞረች። አልደነገጡም፤ እየጨፈሩ ነው። ስክሪኑ ላይ ሁለት ክቦች ነበሩ፤ የጎማዎቹን ዙር የሚቆጥሩ። የድሬው ቀስ እያለ ይሞላል። የሶልያና ግን ወዲያው ሞልቶ አረንጓዴ ሆኗል። ድምፅ ማጉያው አዳማ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ተናገረ፦ «አሸናፊ፣ ሶልያና ያብስራ! የመንገዱ አዲስ ክብረ ወሰን!» ክቡ በመሙላቱ የመኪናው ኃይል ተቋረጠ። ጎማዎቹ ቆሙ። ጭሱ ሲገለጥ መኪናዋ ከመነሻው መስመር በቅጡ ሳትርቅ፣ ትንሽ አግድም ዞራ ቆማለች።

«አየሽ!» ያብስራ ኤፍራታን በሁለት እጁ ይዞ ናጣት። «አየሽ ወይ! ለዚህ ቀን ነበር እኮ ያስቀመጥኳቸው!» እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ደስታው የምር ነበር። ለኤፍራታ ቢዋሽ ይሻላት ነበር።

«መኪናዋ የት ነው ያለችው?» አለችው። «ስክሪኑን ተውና በሞቴ መኪናዋን እያት!»

እሱ ግን ሰው እየሳመው ነበር።

ኢዮስያስ የአበባ ጉንጉን ይዞ እየሮጠ መጣ። ኤፍራታ መንገዱን ዘጋችበት። «ልጄ፣ ይህች ልጅ እዚህ ናት። የትም አልሄደችም። ታያታለህ አይደል?»

«አያታለሁ፣ እናቴ።»

«እና ማን አሸነፈ?»

ኢዮስያስ መኪናዋን አየ፤ ከዚያ ስክሪኑን አየ። ለአፍታ ያህል አንድ ነገር ሊል የፈለገ መሰለ። «የእኔ ዓይን የተመዘገበ መለኪያ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ውጤቱ ገብቷል። አሸንፋችኋል እኮ፤ ምን ፈልገው ነው?»

የድሬው ሰው ከመንገዱ ጫፍ በእግሩ እየተመለሰ ነበር፤ የሱም ኃይል እዚያው አልቋል። ስክሪኑን አየ፣ የሶልያናን መኪና አየ፣ ትከሻውን ነቀነቀ። «ቆጣሪው ካለ አለ ነው እንግዲህ» ብሎ አለፈ።

ኤፍራታ መከለያውን ተሻግራ ወደ መኪናው ሄደች። አስፋልቱ ከጫማዋ በታች ይሞቃል። ሶልያና ሄልሜቷን አውልቃለች፣ ከወንበሯ ግን አልተነሣችም። መዳፏን መሪው ላይ ታሳርፋለች፣ ታነሣለች፣ መልሳ ታሳርፋለች። ባሳረፈች ቁጥር አንድ ለስላሳ የሴት ድምፅ «ልክዎ አብቅቷል፤ እናመሰግናለን» ይላል።

«እማ፣ አሸንፈሻል እያሉኝ ነው» አለች ቀና ሳትል።

«እያሉ ነው።»

«ገና መስመሩን እየለቀቅኩ ነበር እኮ።» ድምፁ እንደገና አመሰገናት። «ገና እየለቀቅኩ ነበር!»

ከዚያ አለቀሰች። ያቺ ነገር የማታበዛ፣ ሽበት የጀመራት ሴት ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ ተንሰቀሰቀች። ኤፍራታ በመስኮቱ እጇን ሰድዳ ፀጉሯን ዳሰሰችው። ልትላት የምትችለውን ነገር ሁሉ አሰበች፤ ሁሉም እጅ እጅ አላት። ስለዚህ በመኪናው ዙሪያ ወደ ኋላ ሄደች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረች፣ ሁለት መዳፏን የመኪናው ጀርባ ላይ አሳረፈች። በልጅነቷ የአባቷን አሮጌ ላዳ ታክሲ ስንቴ በዚህ ዓይነት ገፍታ አስነሥታለች። እግር የት እንደሚተከል ታውቃለች።

«መሪውን ያዢ!» አለች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ያዢ አልኩሽ እንጂ!»

መኪናዋ መጀመሪያ አልነቃነቅ አለች። ኤፍራታ ደገመች፤ ስትደግም ለራሷ ሁሉንም እየሰደበች ነበር፤ ፍሪጁን፣ ወንበሩን፣ ቫዝሊኑን፣ ያን ለስላሳ ድምፅ። ጎማዎቹ ዘወር አሉ። ሶልያና አፍንጫውን አቃናችው።

ኢዮስያስ ደረሰባት። «እናቴ፣ መግፋት በደንቡ ውስጥ የለም።»

«ከሌለ አልተከለከለም ማለት ነው። ወግድ ከፊቷ!»

ኢዮስያስ ማንበቢያውን አየ፣ ምንም አልጻፈም። ወገድ አለ።

ተመልካቹ ወደ ቤቱ እየተበተነ ነበር፤ ስክሪኑ ጠፍቷል፣ ስለዚህ የሚታይ ነገር የለም። ከመካከሉ ያብስራ የአበባ ጉንጉኑ አንገቱ ላይ እንዳለ እየሮጠ ወጣ። «ኤፍራታ! ቁሚ! ምን እየሠራሽ ነው? ጎማዎቹ እየዞሩ እኮ ነው! ቆጣሪው!»

«ይቁጠር!»

«ቀሪ አላቸው እኮ! ለከርሞ...»

«ይቁጠር አልኩህ!» ዞራ ጮኸችበት፤ እጇን ግን ከመኪናው አላነሣችም። «ለከርሞ ማን ሊነዳልህ ነው? ልጅህ አለቀች እኮ ያብስራ! ሳትነዳ አለቀች! ያቺን ድምፅ ስታመሰግናት ትሰማለህ ወይ?»

ያብስራ ቆመ። ያ ድምፅ ከመኪናው ውስጥ አሁንም ይሰማል፤ ሶልያና መሪውን በጨበጠች ቁጥር ያመሰግናታል። የክብረ ወሰኑ ባለቤት አባት አበባውን እንዳንጠለጠለ መንገድ መሐል ቀረ። ኤፍራታ ፊቷን መልሳ ገፋች። መንገዱ እዚህ ላይ ትንሽ ዳገት ነገር አለው፤ ሲነዱት የማይታወቅ፣ ሲገፉት ግን ጉልበት የሚቆርጥ። መኪናዋ ፍጥነቷ ቀነሰ። የኤፍራታ ጫማ አሸዋው ላይ ተንሸራተተ። ወደ ኋላ ልትመለስባት ነው ስትል ሸክሙ ቀለል አላት። ያብስራ አጠገቧ ነበር። ትከሻውን ሰጥቶ ይገፋል፣ ፊቱን ግን ወደ እሷ አያዞርም።

«ቀስ በሉ» አለ እያለከለከ። «ጎማውን የመንገዱን ጠርዝ አስነካችሁት።»

«ዝም ብለህ ግፋ።»

ገፉ። ነፋሱ አቧራውን በአስፋልቱ ላይ ይነዳዋል። በመንገዱ ላይ ከእነሱ በቀር ሰው አልነበረም። ሶልያና ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ ሁለት እጇን መሪው ላይ አሳርፋ፣ ዓይኗን ከፊቷ አልነቀለችም። ከዚያ በድንገት አንገቷን በመስኮቱ አወጣች። ነጩ መስመር ከመኪናዋ ሥር እያለፈ ነበር።

«እማ!» ብላ ጮኸች። «ግማሹን አለፍን!»

ኤፍራታ እግሯን ተክላ ገፋች። ያብስራም አንገቱን ደፍቶ ገፋ።